የሕክምና ወጪ፣ አካል ጉዳተኝነትና ግብር፦ ሰበካ ጉባኤያት ርዳታቸውን በየትኛው በር ቢያሳልፉ ይበጃል?

ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት ለክፍላችን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል አንዱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተደጋገመ መጥቷል። አካል ጉዳት ያለበት አገልጋይ ወይም ሠራተኛ ለሕክምና፣ ለመድኃኒትና ለመደገፊያ መሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል ወይ? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አካል ጉዳት ላለበት ሰው ክራንች፣ ዊልቸር፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የዘወትር መድኃኒትና ወደ ሐኪም ቤት መመላለሻ እንደ ዕለት እንጀራ የማይቀሩ ወጪዎች ናቸውና።

አጭሩ መልስ ሁለት ክፍል አለው። ተቀጣሪው ራሱ ከኪሱ የከፈለው የሕክምና ወጪ ከደመወዝ ግብሩ ላይ አይቀነስለትም። ያው ወጪ ግን አሠሪው በማስረጃ ሲከፍለው ከግብር ነጻ የሚሆንበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል። እንግዲህ ሕጉ የሚመለከተው የችግሩን ክብደት አይደለም፤ ማን ከፈለ፣ ለማን ከፈለ፣ በምን ሰነድ ከፈለ የሚለውን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰበካ ጉባኤ በቅን ልቦና ከሰጠው ርዳታ ላይ የተወሰነው ሳያስበው ለግብር ይውላል፤ ለታመመው ወንድምም ሳይደርሰው ይቀራል።

በወንጌል የተነገረለትን ደጉን ሳምራዊ እናስታውስ። የቆሰለውን ሰው አንሥቶ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ሁለት ዲናርም ለማረፊያው ጠባቂ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ለሚወጣውም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ገንዘቡን የሰጠው ለሚያስታምመው ሰው ነው፤ ቀሪውንም የሚያወራርደው በእውነተኛው ወጪ ልክ ነው። ምሳሌው ስለ ግብር የተነገረ ባይሆንም ከዚህ በታች የምንገልጸውን አሠራር ለማስታወስ ግን ይረዳል።

ሕጉ ያልሰጠው ነገር

በኢትዮጵያ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚሰላው በጠቅላላ የወር ገቢ ላይ ነው። ተቀጣሪው ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርት ወይም ለሕክምና ያወጣውን ገንዘብ ቀንሶ ቀሪው ብቻ እንዲታሰብለት የሚፈቅድ ሥርዓት የለም። ስለዚህም እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች፣ አንደኛው ጤነኛ ሌላኛው በየወሩ የደመወዙን ሲሶ ለመድኃኒት የሚከፍል ቢሆኑም፣ የሚቀነስባቸው ግብር አንድ ነው።

ነጋዴም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከንግድ ገቢ ላይ ተቀናሽ የሚሆነው ገቢውን ለማግኘትና ንግዱን ለማስቀጠል የግድ የወጣ ወጪ ነው፤ የግል ወጪ አይቀነስም። አካል ጉዳት ያለበት ልብስ ሰፊ የሱቁን ኪራይና የክሩን ዋጋ ያስቀንሳል፤ የራሱን ሕክምና ግን አያስቀንስም። በሌላ በኩል አንድ ድርጅት አካል ጉዳት ላለበት ሠራተኛው የሥራ ቦታውን ለማመቻቸት የሚያወጣው የሥራ ወጪ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን ማመቻቸት በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጎ አስቀምጦታል። ደብራችንም አሠሪ እስከሆነ ድረስ ከዚህ ግዴታ መንፈስ ውጪ ነኝ ሊል አይገባውም።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የገቢ ግብሩ ሕግ ግን ለአካል ጉዳት ራሱን የቻለ የግብር ቅናሽ አላበጀም። ስለዚህ በእጃችን ያሉትን በሮች በሚገባ ማወቅ ይኖርብናል።

አንደኛው በር፦ አሠሪው የሚሸፍነው የሕክምና ወጪ

አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነጻ የሆኑ ገቢዎችን በአንቀጽ 65 ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ መካከል አሠሪ ለተቀጣሪው ሕክምና የወጣውን ትክክለኛ ወጪ ለመሸፈን የሚከፍለው ገንዘብ፣ በደንብ በሚወሰነው መሠረት፣ ይገኝበታል። «ትክክለኛ ወጪ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ሕጉ ከግብር ነጻ ያደረገው በእርግጥ ለሕክምና የወጣውንና በማስረጃ የተረጋገጠውን ገንዘብ ነው። «የሕክምና አበል» በሚል ስም በየወሩ ለሠራተኛው የሚታደል ቁርጥ ያለ ገንዘብ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ የደመወዝ አካል ነው፤ ከደመወዙም ጋር ተደምሮ ግብር ይሰላበታል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለ የወር ገቢ ግብር የለበትም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያም በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ይታሰባል።

በእግሩ ላይ ጉዳት ያለበት አንድ መሪጌታ በወር 9,000 ብር ደመወዝ ይከፈለዋል እንበል። ከመጀመሪያው 2,000 ብር ላይ ግብር የለም። ከቀጣዩ 2,000 ብር ላይ 300፣ ከቀጣዩ 3,000 ብር ላይ 600፣ ከቀሪው 2,000 ብር ላይ 500 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 1,400 ብር ነው። ይህ መሪጌታ ለፊዚዮቴራፒና ለመድኃኒት በየወሩ 1,000 ብር ያስፈልገዋል። ሰበካ ጉባኤው አዝኖለት «ከዚህ ወር ጀምሮ 1,000 ብር ይጨመርለት» ብሎ ቢወስን ደመወዙ 10,000፣ ግብሩም 1,650 ብር ይሆናል። ከተጨመረው 1,000 ብር ውስጥ 250 ብሩ ለግብር ይሄዳል፤ ለሕክምናው የሚደርሰው 750 ብር ብቻ ነው። ጉድለቱ በዓመት 3,000 ብር፣ ማለትም የሦስት ወር ሙሉ ሕክምናው ነው።

ሰበካ ጉባኤው ያንኑ 1,000 ብር ለጤና ተቋሙና ለመድኃኒት ቤቱ በደረሰኝ ቢከፍል፣ ወይም መሪጌታው ከፍሎ ያመጣውን ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀብሎ ቢተካለት፣ የደመወዙ ግብር 1,400 ብር እንደሆነ ይቀራል። ከደብሩ ካዝና የወጣው ገንዘብ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ለታማሚው የደረሰው ግን ይለያያል።

ደመወዛቸው ዝቅተኛ በሆነ አገልጋዮች ላይም ነገሩ ያው ነው። በወር 1,800 ብር የሚከፈለው የጥበቃ ሠራተኛ ግብር የለበትም። 1,000 ብር በደመወዝ መልክ ሲጨመርለት ግን 2,800 ብር ስለሚሆን ከ2,000 በላይ ባለው 800 ብር ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 120 ብር፣ ይቀነስበታል።

በዚህ በር ስናልፍ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ደመወዝን ቆርሶ «የሕክምና ወጪ» ብሎ መሰየም ነው። 9,000 ብር ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ በመዝገብ 8,000 ብር አድርጎ ቀሪውን ያለ ደረሰኝ በሕክምና ስም መክፈል ርዳታ አይደለም፤ ሐሰተኛ መዝገብ ነው። በሕግም ያስጠይቃል፤ ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከሚጠበቀው እውነተኛነትም ጋር አይሄድም።

ሁለተኛው፣ የቤተሰብ ሕክምና ነው። የአዋጁ ቃል የሚናገረው ስለ ተቀጣሪው ሕክምና ነው። አካል ጉዳት ላለበት የሠራተኛው ልጅ ወይም ለባለቤቱ የሚከፈለውን በዚሁ በር ከማሳለፋችን በፊት የወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባናል። የቃል መልስ በኦዲት ጊዜ አይቆምልንም።

ሦስተኛው፣ ጸበልና የጉዞ ወጪ ነው። ምእመናን ጸበልንም ሐኪምንም ይሻሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን አታጣላም። በሒሳብ መዝገብ ግን ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው። ለጸበል ቦታ ማረፊያና ለመጓጓዣ የሚሰጥ ድጋፍ የሕክምና ተቋም ደረሰኝ ስለማይቀርብበት «የሕክምና ወጪ» ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

አራተኛው፣ የታማሚው ክብር ነው። ክፍያን ለማረጋገጥ ደረሰኝና የሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋሉ። የበሽታው ስም ግን በቃለ ጉባኤ ውስጥ ሊጻፍ፣ ይልቁንም በዐውደ ምሕረት ሊነገር አይገባውም። «ለሠራተኛው የሕክምና ወጪ» ተብሎ መጻፉ በቂ ነው፤ ዝርዝሩ በገንዘብ ያዡና በሒሳብ ሹሙ እጅ በተዘጋ ፋይል ይቀመጥ።

ሁለተኛው በር፦ የጉዳት ካሳ

በየአጥቢያው የሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ አለ። ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ፣ ድንጋይ የጫነው የቀን ሠራተኛ፣ በኤሌክትሪክ የተጎዳ ባለሙያ ሲያጋጥም ሰበካ ጉባኤው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ከምእመናን መዋጮ ስለ መሰብሰብ ነው። መዋጮው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሕግ የሚገባ ግዴታን ሊተካ አይችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከተው የሥራ ግንኙነት ውስጥ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሕክምና፣ የመድኃኒትና አስፈላጊ ሲሆን የሰው ሠራሽ አካል ወጪው በአሠሪው ይሸፈናል። ጉዳቱ የመሥራት ችሎታውን የሚቀንስ ከሆነም የአካል ጉዳት ክፍያ ይገባዋል። ይህ ክፍያ የገቢ ግብር አይቀነስበትም። የገቢ ግብር አዋጁም አንድ ሰው በደረሰበት የአካል ጉዳት ወይም በሌላ ሰው ሞት ምክንያት የሚከፈለውን ካሳ ከግብር ነጻ አድርጎታል።

የግንባታ ኮሚቴዎች ከዚህ ሁለት ነገር ሊወስዱ ይገባል። አንደኛው፣ ግንባታው በተቋራጭ የሚሠራ ከሆነ የሠራተኞች ጉዳት ኃላፊነት የማን እንደሆነና የመድን ሽፋን መኖሩ በውሉ ውስጥ በግልጽ መቀመጥ አለበት፤ ደብሩ ሠራተኞቹን በቀጥታ የቀጠረ ከሆነ ግን ኃላፊው ደብሩ ነው። ሁለተኛው፣ ካሳ ሲከፈል በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ከደመወዝ ጋር ተቀላቅሎ አይመዝገብ። ለብቻው፣ በሐኪም ማስረጃና በስምምነት ሰነድ ተደግፎ፣ «የአካል ጉዳት ካሳ» ተብሎ ይመዝገብ። ከደመወዝ ጋር የተቀላቀለ ካሳ ግብር የሚቀነስበት በሕጉ ምክንያት አይደለም፤ በመዝገብ ያዡ ብዕር ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በር፦ ተቀጣሪ ላልሆኑ ምእመናን የሚደረግ ርዳታ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ተቀጣሪዎች ነው። በሰበካ ጉባኤ ከሚረዱት አብዛኞቹ ግን የደብሩ ሠራተኞች አይደሉም፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች፣ የአብነት ተማሪዎችና የሕመምተኛ ልጆች እናቶች ናቸው። ለእነዚህ የሚሰጥ ርዳታ ስጦታ ነው። በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ ገንዘብ ወይም ንብረት፣ የቅጥር፣ የንግድ ወይም የኪራይ ገቢ ካልሆነ በቀር፣ በአዋጁ ከግብር ነጻ ከሆኑት መካከል ነው። ስለዚህ ደብሩ ለአንዲት ምእመን ዊልቸር ቢገዛ ወይም የቀዶ ሕክምናዋን ቢከፍል እርስዋ ግብር አይጠየቅባትም።

ልዩነቱን እናስተውል፤ ለምእመኑ ስጦታ የሆነው ያው ገንዘብ ለተቀጣሪው «በሥራው ምክንያት የተገኘ ገቢ» ሊባል ይችላል። የበዓል ስጦታ፣ ማበረታቻ፣ የድጋፍ ገንዘብ እየተባለ ለተቀጣሪ የሚሰጠው ሁሉ በዚህ ዓይን ይታያል። ተቀጣሪውን በሕክምናው ልንረዳው ስንፈልግ የምንጠቀመው በመጀመሪያው በር ነው።

ለርዳታ ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ወጪው ራሱ በሌላ መንገድ ሊሸፈን ይችላል ወይ? በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። መክፈል የማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች በቀበሌ ተለይተው መዋጮአቸው ከመንግሥት በሚመደብ ድጎማ የሚሸፈንበት አሠራርም አለው። መድኑ የማይሸፍናቸው አገልግሎቶች ቢኖሩም፣ ሰበካ ጉባኤው የአጥቢያውን ድሆች ጠንቅቆ ስለሚያውቅ የልየታው ጊዜ ሳያልፍ ስማቸውን ለቀበሌው ማሳወቅ ይችላል። ከሙዳየ ምጽዋት አንድ ብር ሳይወጣ የሚፈጸም ምጽዋት ነው።

አራተኛው በር፦ ለጋሹ ነጋዴ

«የአንድ ሕመምተኛ ሕክምና እኔ ልክፈል፤ ከግብሬ ይታሰብልኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ደግ ነጋዴ በየአጥቢያው አይጠፋም። ነጋዴው ለሕመምተኛው በእጁ ቢሰጥ ወይም ለሐኪም ቤቱ በግሉ ቢከፍል በሰማይ ዋጋ አለው፤ በግብር ሕጉ ግን የግል ወጪ ነው፤ አይቀነስም።

አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ልገሳ ከንግድ ገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ጣሪያውም ከዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ነው። ግብር የሚከፈልበት ገቢው 600,000 ብር የሆነ ነጋዴ እስከ 60,000 ብር የሚደርስ ልገሳ ይቀነስለታል። 80,000 ብር ቢለግስ ከጣሪያው በላይ ያለው 20,000 ብር አይታሰብለትም።

እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤያት በጥንቃቄ ሊያዩት የሚገባ ነጥብ አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ የሃይማኖት ተቋማት የሚያቋቁሟቸውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን ይመለከታል። ስለዚህ የደብሩ የገቢ ደረሰኝና የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደረሰኝ በግብር ጽሕፈት ቤት ፊት እኩል ላይቆጠሩ ይችላሉ። ነጋዴው ልገሳውን ከግብሩ ለማስቀነስ የሚፈልግ ከሆነ፣ በሕግ ተመዝግቦ በጤናና በአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በሚሠራ ድርጅት በኩል እንዲለግስና በድርጅቱ ስም የታተመውን ደረሰኝ እንዲይዝ ብንመክረው ይበጃል። «ከግብርህ ይቀነስልሃል» ብለን ተስፋ ሰጥተን ኋላ ሳይሆን ቢቀር ግን የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በምእመኖቿ ዘንድ ያላት አመኔታም ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስና የአካል ጉዳተኞች የሥራ ማኅበራት

የሕክምና አገልግሎትና በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ከሆኑት ውስጥ ይመደባሉ። ስለዚህ ገንዘብ ያዦች የሕክምና ደረሰኝ ሲቀበሉ 15 በመቶ ታክስ ተጨምሮበት እንደሆነ ቢያዩ አይለፉት፤ ተቋሙን ምክንያቱን ይጠይቁ። ምናልባት ታክሱ የተጨመረው ሕክምና ባልሆነ ዕቃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ያ ዕቃ በሕክምና ወጪ ስም ሊተካ አይገባውም።

በርካታ ሰበካ ጉባኤያት አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች በሽመና፣ በጥልፍ፣ በንዋያተ ቅድሳት ሥራና በሻማ ምርት ለማደራጀት ያስባሉ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኞች የሆኑ የሥራ ማዕከል የሚያቀርበውን ዕቃና አገልግሎት ከታክሱ ነጻ አድርጎ ነበር። ይህ አዋጅ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። ስለሆነም እንዲህ ያለ ማኅበር የሚያደራጅ ሰበካ ጉባኤ በአዲሱ አዋጅ የተቀመጠውን መስፈርት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቆ፣ የሠራተኞቹን ብዛትና የጉዳት ማስረጃ በየጊዜው አሟልቶ መያዝ ይኖርበታል።

«ከታክስ ነጻ» መባሉ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ መታወቅ አለበት። ማኅበሩ ከገዢው 15 በመቶ አይሰበስብም፤ ምርቱም በዚያው ልክ ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን ክርና ቀለም ሲገዛ የከፈለውን ታክስ መልሶ ማግኘት አይችልም፤ በዋጋው ላይ እንደ ወጪ ይቆያል። የንግድ ዕቅድ ስናዘጋጅ ይህን ከመጀመሪያው ብናስገባ ማኅበሩ በኋላ በኪሳራ አይደነግጥም።

ከውጭ አገር የሚመጡ ዊልቸሮችንና ሌሎች የመደገፊያ መሣሪያዎችን በተመለከተም አንድ ምክር እንጨምራለን። የቀረጥ ነጻ ጥያቄ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይቅረብ። ወደብ ወይም ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር የፈቃድ ሩጫ ዕቃውን በመጋዘን ያቆየዋል፤ የመጋዘን ኪራዩም ከስጦታው ላይ ይበላል።

ከባሕር ማዶ ስለሚሰማው ምክር

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «የሕክምና ደረሰኝህን ያዝ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርህ ይቀነስልሃል» ሲሉ እንሰማለን። ለራሳቸው አገር ነገሩ እውነትነት አለው። በአሜሪካ ፌዴራል የገቢ ግብር ወጪዎቹን ዘርዝሮ የሚያቀርብ ግብር ከፋይ ከተስተካከለ ጠቅላላ ገቢው 7.5 በመቶ በላይ የሆነውን የሕክምና ወጪ ማስቀነስ ይችላል። ይህ ሥርዓት በእኛ አገር የለም።

በዚያ ያሉ ልጆቻችንም በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ወላጆቻቸው ሕክምና የሚልኩት ገንዘብ በአብዛኛው አይቀነስላቸውም። ጥገኛ ሆኖ የሚመዘገበው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ይገባዋልና። እንግዲህ በዚህም በዚያም ያለን ምእመናን የየአገራችንን ሕግ ለየብቻ እንወቅ።

ሰበካ ጉባኤው ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርግ የሚችለው

1. የሠራተኞች የሕክምና ድጋፍ መመሪያ በጽሑፍ ያዘጋጅ። ማን እንደሚረዳ፣ እስከ ስንት ብር እንደሆነና ምን ማስረጃ እንደሚቀርብ በግልጽ ይቀመጥ፤ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው እንዳይከለከል መመሪያው ለሁሉም አንድ ይሁን።

2. በየወሩ የሚታደል «የሕክምና አበል» ካለ በደረሰኝ ወደሚተካ የሕክምና ወጪ ይቀየር። ለውጡ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ከዚያ በፊት ያለውን ወር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተካክል።

3. ከተቻለ ክፍያው በቀጥታ ለጤና ተቋሙ ይፈጸም። የማይቻል ከሆነ ሠራተኛው በስሙ የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝና የሐኪም ማዘዣ ያቅርብ።

4. በሒሳብ መዝገብ ደመወዝ፣ የሠራተኛ ሕክምና፣ የጉዳት ካሳና ለምእመናን የሚደረግ ርዳታ በአራት የተለያዩ መደቦች ይያዙ።

5. አጠራጣሪ ጉዳይ ሲኖር ከመክፈል በፊት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠየቅ። ክልሎች የራሳቸው የገቢ ግብር አዋጅ ስላላቸው ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉ አጥቢያዎች የክልላቸውን ሕግ ይመልከቱ።

6. አግባብ ያልሆነ የግብር ውሳኔ ቢደርስ በዝምታ አይታለፍ። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ በቀናት የተወሰነ ነው፤ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ወዲያውኑ ይመዝገብ።

የተወደዳችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታችን ነው፤ ሕጉ ነጻ ያደረገውን ገንዘብ ለታለመለት ሰው ማድረስ ደግሞ የአደራ ጉዳይ ነው። ምእመናን በሙዳየ ምጽዋት የጣሉት ገንዘብ በእጃችን ያለ የእነርሱ አደራ ነው። ያ ገንዘብ በሰነድ ጉድለት ምክንያት ከሕመምተኛው መድኃኒት ላይ እንዳይቀነስ መትጋት እንደ ዲቁናው አገልግሎት ሁሉ የመግቦት ሥራ ነው። የቀደሙት ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት መግቦት የተረሱ ሰዎች እንዳይኖሩ ነበርና፣ ደረሰኝ መሰብሰብና መዝገብ ማስተካከልም ትንሽ ሥራ ተደርጎ አይታይ። ክፍላችን መመሪያ ለማዘጋጀት ለሚፈልጉ ሰበካ ጉባኤያት በሀገረ ስብከታቸው የልማት ክፍል በኩል ድጋፍ ለመስጠት ዝግጁ ነው።

የድኩማንን ሸክም የተሸከመ አምላክ የአገልግሎታችንን ፍሬ ይባርክልን፤ አሜን።